በእኔም ሆድ ላይ የታየው ጥቁር መስመር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም መገባደጃ ላይ፣ ዝናቡ ጨርሶ ሳይወጣ ፀሐዩም ሳይደላደል በነበረበት ሰሞን ነው። ዕድሜዬ በመግፋቱ ብዙ ነገር እየረሳሁ ብመጣም ያን ቀን ግን ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። በዚያ ቀን አንድ መሣሪያና አንድ ሰው ጠርጥሬ ነበር። አንዱ ጥርጣሬዬ ልክ፣ ሌላው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ የቆየሁባት ጊዜ ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ።

እኔ የቡሬ ነዋሪና ጡረተኛ ነኝ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሬአለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዬም መስመርን ከመስመር የሚያገናኙና የሚለያዩ ስዊቾችን መጠበቅና መጠገን ነበር። ከዚያ ሥራ አንድ ጠባይ ተርፎኛል፤ የተነገረኝን ከመቀበሌ በፊት ነጋሪው ከየት እንዳገኘው እጠይቃለሁ። ልጆቼ «አባባ ሰውንም በቴስተር ሳይለኩ አያምኑም» እያሉ ይቀልዱብኛል። አልከለክላቸውም፤ ሐሰት አይደለምና።

ትልቋ ልጄ ሰላማዊት በፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይደርሱ ቀርተውባታል። ሦስተኛው እርግዝና ስድስተኛ ወሩን ሲይዝ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መነጋገር ጀምሮ ነበር። ባለቤቷ አዲሱ በቆሎ ሊጭን ወደ መራዊ በመሄዱ፣ ለአልትራሳውንድ ምርመራው እኔ አብሬያት እንድሆን ጠየቀችኝ። እኔም በጠዋት መኪና ከቡሬ መጣሁ።

የሄድነው ከመናኸሪያው ብዙም ወደማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። በተጠባባቂዎች አግዳሚ ላይ ከአጠገባችን ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል የመጣች አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር ተቀምጣለች። ስሟ ጥሩዬ መሆኑን ስትጠራ ሰማሁ። አማቷ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣

«አያ፣ መቸም የተማሩ ይመስላሉ። ይህ መኪና ልጁን አያቃጥለውም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያቃጥልም፤ እሳት የለውም። ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ምስል ያደርገዋል» አልኳቸው።

ጥሩዬ በነጠላዋ አፏን ከልላ፣ «ድምፅ ከሆነማ እማ ይበቁን ነበር፤ ከፈረስ ቤት ድረስ ምን አስመጣን» አለች። አማቷ ጉልበቷን መታ አደረጓትና ሁለቱም ሳቁ። ሰላማዊትም ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ካየሁ ሰንብቼ ስለነበር ያችን ወጣት በልቤ መረቅኋት።

ጥሩዬ ተጠርታ ገባች። ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ሆና ነበር። በእጇ ብጣሽ ወረቀት ይዛለች።

«ምን አለሽ?» አሉ አማቷ።

«‹ልጅ የእግዜር ነው፤ ዋናው የእናት ጤና ነው› አለኝ።»

«እሱማ ነው። ሌላስ?»

«ባሕር ዳር ሂዱ አለኝ።»

አማቷ ዘንቢላቸውን አንስተው፣ ልጅቷን በክንዷ ይዘው ወደ መናኸሪያው አመሩ። የሄዱት ግን ባሕር ዳር ለመሳፈር አልነበረም፤ «አገራችን እንግባና ከባልሽ ጋር እንመክራለን» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ የሐኪሙን ቃል በልቤ እያገላበጥኩ ቀረሁ። ስለ ልጁ ለተጠየቀ ጥያቄ ስለ እናቲቱ መመለስ ምን ማለት ነው?

ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ትሑትና ቁጥብ ይመስላል። ሲስተር ዘሐራ የምትባል የፍኖተ ሰላም የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የሆነች ነርስ አብራው ትሠራለች። ሲስተር ዘሐራ ልጄን አስተኝታ ከአንድ የካቻፕ ጠርሙስ ውስጥ የሚዝለገለግ ነገር ሆዷ ላይ አፈሰሰች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ተልባ ነው ጋሼ። ቀቅዬ ያጠለልኩት ነው። ለምርመራው የሚቀባው ጄል ካለቀ ሰነበተ፤ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል ብለውናል።»

«ተልባ ለሆድ ድርቀት ሲጠጣ እንጂ ለምርመራ ሲቀባ አልሰማሁም።»

«ከውስጥ የሚሠራ ከውጭ ምን ይከለክለዋል ጋሼ?» አለች። ሐኪሙ ፈገግ አለ። እኔ ግን ተልባውን ከተጠርጣሪዎች ተርታ አስቀመጥኩት።

ሐኪሙ ፕሮብ የሚሉትን፣ ሆድ ላይ የሚንሸራተተውን የእጅ ዕቃ አሳረፈ። ስክሪኑ ላይ የልጁ ምስል ብቅ አለ። ወዲያው አንድ ቁልፍ ተጫነና ምስሉ ባለበት ቆመ። የቆመውን ምስል ጠጋ ብሎ ተመለከተ። ፈታው፣ ፕሮቡን ጥቂት አስተካከለ፣ መልሶ አቆመው። ይህን ደጋግሞ አደረገ።

እኔም የሚያየውን አየሁ። ከስክሪኑ አናት እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር ነበር። ወደ ሁለት ጣት ይሰፋል፤ ከመካከል ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የልጁንም ጀርባ በልኩ ይቆርጠዋል። የአከርካሪው አጥንቶች ከወዲህ ነጭ ነጭ ብለው ይታያሉ፣ ጥቁሩ ጋ ሲደርሱ ይጠፋሉ፣ ከወዲያ እንደገና ይጀምራሉ።

ሐኪሙ ልጄን ከዚህ በፊት ስለነበሩት እርግዝናዎች ጠየቃት። ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባቴ፣ እስቲ ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ እንበል» አለኝ።

ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆምን። ሐኪሙ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «ቡሬ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» አለኝ።

የአገሬን ደንብ አውቃለሁ። በእኛ አካባቢ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ የያዘ ሰው አስቀድሞ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ አዝመራው፣ ከዚያ ስለ ጤና ይጠይቃል፤ ሰሚው ከዙሪያው እየተረዳ ራሱ መካከሉ ላይ እንዲደርስ ይተወዋል። እኔም በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ ተረድቻለሁ፣ እንዲህም አድርጌ አርድቻለሁ።

«ዝናቡ ደህና ነው» አልኩት።

«አዝመራውስ?»

«ደህና ነው።»

«ልጅ መቸም የእግዜር ነው አባቴ። ዋናው የእናት ጤና ነው» አለኝና ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። በባሕር ዳር የሚገኝ የአንድ ሌላ ክሊኒክ ስም ተጽፎበታል።

ያን ጊዜ ሐዘኔ ለጥቂት ወደ ኋላ አለና ጥርጣሬዬ ቀደመ። ለጥሩዬ የተነገረው ቃል በቃል ይኸው ነው። የተሰጣትም ወረቀት ይኸው መሆን አለበት። በአንድ ረፋድ ለሁለት ነፍሰ ጡሮች አንድ ዓይነት ቃልና አንድ ዓይነት ወረቀት! ይህ ሰው የባሕር ዳሩ ክሊኒክ የማን ቢሆን ነው? ሴቶችን እያስደነገጠ ወደዚያ የሚሸኝ፣ በዚያም የሚጠቀም ቢሆንስ?

«ዶክተር፣ ዝናቡን እንተወው» አልኩት። «ያዩትን በቀጥታ ይንገሩኝ።»

«ጀርባው ላይ የጎደለ ነገር ያየሁ መሰለኝ።»

«ከእኛ በፊት የገባችው የፈረስ ቤቷ ልጅስ?»

ፊቱ ተለወጠ። «ስለ ሌላ ታካሚ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«አይንገሩኝ። ለራስዎ ብቻ ይመልሱት። የእሷም ልጅ ጀርባው ላይ ነው የጎደለው?»

ዐይኑን ከእኔ አንሥቶ ወደ ምርመራው ክፍል ዞረ። ያ መልስ ሆነልኝ። በዚያች ቅጽበት ከብዙ ዓመት በፊት የለመድኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ አንድ ደንበኛ «ስልኬ ዝም አለ» ቢል ጥፋቱ በቤቱ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰፈር በሙሉ በአንድ ጊዜ ዝም ካለ ግን ደንበኞቹን የሚመረምር የለም፤ በቀጥታ ወደ ማዞሪያው ነው የሚኬደው። የሁለት እናቶች ልጆች በአንድ ረፋድ፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቦታ ከጎደሉ የጎደለው ነገር ያለው ከሁለቱ ልጆች ውጭ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን መሣሪያው ታሞ ሐኪሙ አላወቀም ይሆን፣ ወይስ አውቆ ነው? ይህን መለየት አልቻልኩም።

«ምስሉን ለምንድን ነው የሚያቆሙት?» አልኩት።

«መብራቱ ስለሚቆራረጥ ነው። ብዙ ጊዜ ጥሩ ምስል ባገኘን ቅጽበት ይጠፋብናል። እዚህ የምንሠራ ሁላችን ምስሉ እንደመጣ አቁሞ፣ የቆመውን ማንበብ ለምደናል።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ሳያቆሙ ያሳዩኝ።»

«ልጅዎን እንደገና ማስተኛት ማስጨነቅ ነው አባቴ።»

«እሷን አይደለም። እኔን።»

ሐኪሙ ትዕግሥቱ አለቀ። «አባቴ፣ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። እኔ ሐኪም ነኝ።»

«ስለ ልጁ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ አልከራከርም። እኔ የምጠይቅዎ ስለ መሣሪያው ነው። በዚህ ዓይነት ነገር ላይ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄ፣ ወረቀትዎን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሰላማዊትን ከተጠባባቂዎቹ ጋር አስቀምጠን ገባን። ኮቴን አውልቄ፣ ሸሚዜን ገልጬ ከአልጋው ላይ ወጣሁ። ሲስተር ዘሐራ ተልባዋን ይዛ ስትመጣ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች፤ አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?»

«ቆጥሬ አልያዝኩትም» አልኳት።

ሐኪሙ ፕሮቡን ከጎድን አጥንቴ ሥር አሳረፈ። የገዛ ጉበቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በላዩ ላይ፣ ከአናት እስከ ታች፣ ከመካከል ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነበለው ጥቁር መስመር ቆሟል።

ሳቁ ጠፋ።

«አያቁሙት» አልኩ። «ፕሮቡን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

አንቀሳቀሰው። ጉበቴ ወደ ጎን ተሻገረ፤ ኩላሊቴ መጣ፤ እሱም አለፈ። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፕሮቡን አዙሮ የግራውን ጫፍ በቀኝ እንዲያደርገው ነገርኩት። ምስሉ እንደ መስታወት ተገለበጠ፤ መስመሩ አልተገለበጠም። ይህን ሳይ ተልባውን በነጻ አሰናበትኩት። ጥፋቱ የተልባው ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ ከሆዴ ጋር በሄደ ነበር።

«ሌላ ፕሮብ አለዎት?»

ለአንገትና ለደም ሥር የሚጠቀምበትን ጠፍጣፋውን ሰካ። ምስሉ ሌላ ዓይነት ሆነ። መስመሩ ግን በዚያም ላይ፣ በዚያው በኩል ነበር። ስለዚህ ሕመሙ የፕሮቡ አይደለም፤ የማሽኑ የራሱ ነው።

በተልባ እንደተቀባሁ ተቀምጬ ያመንኩበትን ነገርኩት። ፕሮቡ ውስጥ በጣም ትናንሽ ክሪስታሎች በረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ክሪስታል አፍም ጆሮም ነው፤ በአንድ ሽቦ ኃይለኛ ምት ተቀብሎ ድምፅ ይልካል፣ በዚያው ሽቦ ደግሞ ነጥሮ የተመለሰውን ደካማ ድምፅ ያቀብላል። ኃይለኛው ምት ደካማውን የሚያዳምጠውን ክፍል እንዳያቃጥለው በመካከል ስዊች ይቆማል። ድምፅ ሲላክ ወደ አዳማጩ የሚወስደውን በር ይዘጋል፤ ድምፁ ሲመለስ ይከፍተዋል። ይህን ሲያደርግ ዐይን አይከተለውም። ከእነዚህ ስዊቾች ጥቂቶቹ ተቃጥለው በራቸው እንደተዘጋ ቢቀር በእነሱ በኩል የሚያልፉት ክሪስታሎች ይልካሉ እንጂ አይሰሙም። ያልተሰማው ቦታ በስክሪኑ ላይ ጨለማ ይሆናል። በዚያ ጨለማ ትይዩ የልጅ ጀርባ ቢገጥም፣ ጀርባው የሌለ ይመስላል።

«ምስሉን ባናቆመው ኖሮ» አለ ሐኪሙ። «ፕሮቡን በማንቀሳቅስበት ጊዜ ጥቁሩ አብሮ አለመሄዱን አየው ነበር። እኔ ደግሞ የማየውን ሁልጊዜ መካከል ላይ ነው የማመጣው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል።»

ሲስተር ዘሐራ፣ «ሰኞ ዕለት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ማሽኑ ጮሆ ነበር። አጥፍተን ስናበራው ስለሠራ ተውነው» አለች።

በዚያ ቅጽበት ሐኪሙ ደስ ያለው መሰለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የተማርኩት ትምህርት ከዚያ በላይ እንዳልሄድ ይይዘኛል። ማሽኑ በዚያ ቦታ አያይም ማለት በዚያ ቦታ ያለው ደህና ነው ማለት አይደለም። የተበላሸ ስዊችና የተጎዳ ልጅ በአንድ ቀን ሊገናኙ የማይችሉበት ምክንያት የለም። ስልኩ ዝም ያለበት ቤት ውስጥ ሰውየውም ሞቶ የተገኘበትን ጊዜ አውቃለሁ።

ልጄ በሩን ገፍታ ገባች። ሳቅ ሰምታ፣ ቀጥሎም ዝምታ ሰምታ ነው የመጣችው። ሸሚዜን ገልጬ አልጋው ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው? የሚነግረኝ የለም?»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔም፣ «በቀጥታ ይንገሯት» አልኩት።

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዝናብና ያለ አዝመራ ተናገረ። ጀርባው ላይ ጥቁር ማየቱን፣ ጥቁሩ የማሽኑ መሆኑን፣ ከጥቁሩ ኋላ ያለውን ግን ገና እንዳላየ ነገራት። ሰላማዊት ሰምታ ስታበቃ እኔ ከተነሣሁበት አልጋ ላይ ወጣች።

ሐኪሙ ምስሉን ሳያቆም ፕሮቡን በጣም በዝግታ አንሸራተተ። የልጁን ጀርባ ከጥቁሩ አውጥቶ ደህና ወደሆነው ወደ ግራው ወገን አመጣው። አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተከታተለ ከጨለማው ጫፍ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ። መብራቱ አንድ ጊዜ ጭልም ብሎ ተመለሰ። ሐኪሙ ግን ወደ ማቆሚያው ቁልፍ እጁን አልዘረጋም።

«ሙሉ ነው» አለ በመጨረሻ። «እስከ ታች ሙሉ ነው።»

«ይድገሙት» አልኩ።

ደገመው።

«አሁንም ከላይ ይጀምሩ።»

«አባባ፣ በቃ» አለች ሰላማዊት። ዐይኗን በክንዷ ሸፍና ነበርና እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም።

ሐኪሙ ፕሮቡን ሰቅሎ እጁን ሲጠርግ ድንገት ቆመ። «የፈረስ ቤቷ» አለ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። እኔ ኮቴን ደርቤ፣ እሱ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ወጥተን በባጃጅ ወደ መናኸሪያው በረርን።

የፈረስ ቤቱ አውቶቡስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ጥሩዬ በመስኮቱ በኩል ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሸፍና ተቀምጣለች፤ አማቷ አጠገቧ ናቸው። ሐኪሙ እኔን አስከትሎ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከፊታቸው ቆመና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «እናቴ፣ በእናንተ አገር ዝናቡ…» ብሎ ጀመረ።

አማቷ ደረታቸውን ያዙ። ሁለተኛ መርዶ የመጣ መስሏቸው ነው። ሐኪሙን በክንዱ ወደ ኋላ ሳብኩት።

«ውረዱ፤ ማሽኑ ነው የተበላሸው፣ ልጁ አይደለም። እንደገና ይታያል» አልኳቸው።

አማቷ አላመኑኝም። «ሐኪም በሽተኛውን እስከ መናኸሪያ ሲያሳድድ የት ታይቷል? ጧት ‹የእግዜር ነው› አላችሁን፤ አሁን ደግሞ ‹የመኪና ነው› ትሉናላችሁ። ምን ልታደርጓት ነው?»

ከኋላ አንድ ተሳፋሪ፣ «እማማ፣ እንዳይወርዱ። መኪናው ጥሏችሁ ይሄዳል፤ እነዚህም ይጠፋሉ» አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ረዳቱ ደግሞ ወይ እንቀመጥ ወይ እንውረድ እያለ በሩን ይደበድባል። ሰውን መጠርጠር የዕለት ሥራዬ የሆነው እኔ፣ አሁን ተጠርጣሪ ሆኜ ቆምኩ። በተማርኩት ቃል ስለ ስዊች ባስረዳቸው ይብሱን ይሸሹኛል።

በዚህ መካከል ሸሚዜ ከሆዴ ጋር መጣበቁ ተሰማኝ። ኮቴን ገለጥኩት። ተልባው ሳልጠርገው ደርቆ ሸሚዜን እንደ ስታርች ገትሮታል።

«ይኸው፣ ይዩት» አልኳቸው። «በዚያው ማሽን እኔም ታየሁ። በልጃችሁ ላይ የታየው ጥቁር በእኔም ሆድ ላይ በዚያው ቦታ ታየ። እኔ ደግሞ አላረገዝኩም።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አማቷ ግን አልሳቁም፤ ሸሚዜን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አሸተቱት። ተልባ መሆኑን አረጋገጡ። ጥሩዬ ነጠላዋን ከዐይኗ ዝቅ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ፣ ታዲያ አቃጠለዎት?»

«አላቃጠለኝም ልጄ። አጣበቀኝ እንጂ።»

«እማ፣ እንውረድ» አለችና ተነሣች።

አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ። ሐኪሙ እንደ ልጄ ሁሉ በዝግታ፣ ሳያቆም አያት። የልጇ ጀርባ ሙሉ ነበር። ያን ዕለት ከአማቷ ጋር በሰላማዊት ቤት አደሩና በማግስቱ ተሳፈሩ። ከሰኞ ወዲህ ክፉ ቃል የሰሙ ሌሎችም ነበሩ፤ ሐኪሙና ሲስተር ዘሐራ በስልክም፣ በየቀበሌው ባሉ የጤና ሠራተኞችም በኩል ሁሉንም መልሰው ጠሩ። ማሽኑ ባለሙያ መጥቶ የውስጥ የኤሌክትሪክ ካርዱን እስኪለውጥለት ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ባለሙያው ያገኘው ጥፋት እንደጠረጠርኩት የስዊቾቹ መሆኑን ሐኪሙ ደውሎ ነገረኝ።

ሰውየውን የጠረጠርኩበት ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም ነበር። ወረቀቱን ስጠይቀው፣ «የባሕር ዳሩ መሣሪያ ከእኔ ይሻላል ብዬ ነው፤ እዚያ የማውቀው ሰው የለም» ብሎኛል። አዲሱ ከመራዊ ሲመለስ ሰላማዊትን በሌላ መሣሪያ እንዲያሳያት ወደዚያው የባሕር ዳር ክሊኒክ ላክኋቸው፤ መልሱም ያው ሙሉ ነው የሚል ሆነ። አዲሱን ለብቻው ጠርቼ፣ የእኛን ሐኪም የሚያውቁት እንደሆነ በዘዴ እንዲጠይቅልኝ አድርጌ ነበር። ማንም አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ነው ያመንኩት። አፍሬ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አረጋግጬ በማመኔ ግን እንቅልፌ ጥሩ ሆነ።

አሁን ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በገዛ ሆዱ ላይ ተልባ ቀብቶ ማሽኑን ሳያቆም እንደሚፈትሽ ሲስተር ዘሐራ ነግራኛለች። «ሚስቱ ‹ሸሚዝ ጨረስክ› እያለች ነው ጋሼ» ብላ ስቃለች።

የልጅ ልጄ በጥር ተወለደች። ዛሬ መዳኽ ጀምራለች። ወደ ፍኖተ ሰላም በሄድኩ ቁጥር አቅፋታለሁ፤ ሳላስበውም ጣቴ ከማጅራቷ ተነሥቶ በጀርባዋ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። ሰላማዊት ታየኝና፣ «አባባ፣ ዛሬስ ሙሉ ነው?» ትለኛለች።

«እስካሁን ሙሉ ነው» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። እኔ ግን ጣቴን ወደ ማጅራቷ መልሼ እንደገና እጀምራለሁ።